የኮዳው ክዳን

ከፀሐይ ሸሽቼ ነው እዚህ ቤት የገባሁ፤
ጥበብ ልይ አላልሁም፣ ጥላ ነው የፈለግሁ።
በፓራጓይ ሰሜን፣ ቀይ አቧራ ባለበት፣
የወንዙ ጀልባ በሳምንት አንዴ በሚቆምበት፣
ከማዘጋጃ ቤቱ ጓሮ አንዲት ክፍል አለች፤
ሦስት የዛገ ጠመንጃ፣ አንድ ከበሮ ይዛለች።
ከዚያ ወዲያ፣ ከግድግዳው መሐል፣
አንድ ወታደር ብቻውን ቆሟል።

ስም የለውም። ከሥሩ የተቸነከረው ነሐስ
«የቻኮ ዘማች» ይላል፤
የቀረውን ፊደል ፈጅቶታል የሰው ጣት ሲዳብስ።
ቁመቱ የሰው ቁመት፣ ሰማዩ የገለባ፣
ከኋላው ደረቅ እሾህ፣ አንድም የለው አበባ፤
ቆቡ ለራሱ ሰፊ፣ ሸሚዙ የሌላ ሰው፣
አገጩን ቀና አድርጎ የሚያየው ምንድን ነው?

መምህር ኤሊሂዮ ልጆቹን አስከትሎ
ደረሰ፣ ባርኔጣውን በጣቱ አንጠልጥሎ።
«እዩት» አለ «አገጩን! ይሄ ነው ድፍረት ማለት፤
ዓይኑ ድንበሩ ላይ ነው፣ ቀን አይል፣ አይል ሌሊት።
ለምን ብቻውን ቆመ? ጀግና ብቻውን ነዋ!»
ጥርሰ ወላቃ ልጅ፣ ከኋላ የቆመች፣
«ጫማውን አላሰረም» ብላ ተናገረች።
ሳቁ። መምህሩም ሳቀ። ደወል ጠራቸው፣ ሄዱ፤
በጡብ ወለሉ ላይ ቀይ አፈር አራግፈው፣ ደረጃውን ወረዱ።

የክፍሏ ዘበኛ፣ አሮጊቷ ባሲሊሳ፣
ከዚህ ሰው ስትፋጠጥ ዓመቷ ሠላሳ፣
ሹራቧን ጭኗ ላይ ጥላ ከነመርፌው ከነክሩ፣
«አገጭ እያየ» አለችኝ «ስንቱ ወጣ በበሩ።
ጉሮሮውን እየው። ከንፈሩን እየው፣
ሰዓሊው በነጭ ቀለም የሰነጣጠቀው።
ኮዳው ከጎኑ አለ፤ ክዳኑስ? ያውልህ፣
በሰንሰለቱ ተንጠልጥሎ፣ ክፍቱን ታየዋለህ።
ውሃ ያለበትን ማን ይተዋል ክፍቱን?
ያ ሰው ጨርሶታል የመጨረሻይቱን።
አያቴ እዚያ ነበር። ጠላት አላየም በዓይኑ፤
ጥም ነው ያየው፣ ጓዶቹን ሲለቅም ቀን በቀኑ።

አሁን ዝቅ በል» አለች «ከዚያ ከጫማው ክር፣
አፈሩ ላይ ያለውን አንድ በአንድ ቁጠር።»

ዝቅ አልሁ።
ቆጠርሁ።
ሰው፣ አንድ።
ጥላ፣ ሁለት።

ከዋናው ከተማ አንዴ ባለሙያ መጥቶ፣
ሸራውን ሌሊት በሰማያዊ መብራት አብርቶ፣
«ከእሾሁ ቀለም ሥር ሌላ ሰው አለ» ብሏል፤
«ተቀምጧል። እጁን ወደ ኮዳው ዘርግቷል።
ሰዓሊው ራሱ ነው በላዩ የቀባበት፤
ጥላውን ግን ረሳው።»

«ረሳው?» አልኋት።

«እኔ እንጃ። የጫማ ክር ያልዘነጋ እጅ
ጥላ ያህል ነገር ይረሳል ወይ፣ ልጅ?
ክሪሳንቶ ይሉታል፤ ዘምቶ ነው የተመለሰ።
ማዘጋጃ ቤቱ «አንድ ጀግና ሳል» ብሎ ገንዘብ ቀነሰ፤
ሁለቱን ሰውማ፣ አንዱ ለማኝ ሆኖ፣
ማን ይሰቅለዋል? ማንስ ይከፍላል ተማምኖ?»

«ሰጠው? ወይስ ከለከለው?»
መርፌዋን አነሳች፤
«ሠላሳ ዓመት ጠየቅሁት» አለች፣
ሌላ ቃል አልጨመረች።

እኔም መለስ ብዬ አገጩን አየሁት።
ድፍረት አልነበረም፤ ዘግይቼ ደረስሁበት።
ድንበር አይደለም የሚያይ፣ አድማስም አይደለም፤
ዝቅ ካለ ያየዋል፤
ዝቅ አይልም።
ዘጠና ዓመት ሊሞላው አንገቱን አቅንቶ፣
እግሩ ሥር ያለውን ሰው ላለማየት ፈርቶ።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ባሲሊሳ ተነሳች፣
ወንበሯን ወደ ግድግዳ አዞረች፣
ጀርባዋን ሰጥታው ከጠርሙሷ ጠጣች።
«ፊቱ ነውር ነው» አለች አፏን እየጠረገች።

ውጭ ሙቀቱ ቆዳ ይልጥ ነበር እንዳለ።
ቦርሳዬ ውስጥ የእኔም ውሃ አለ፤
እስከ ጀልባው ድረስ ክዳኑ እንደታሰረ ዋለ።